ያዋጁን በጆሮ

በዋድላዋ ከተማ በኮን ብርድ የሚጀምረው ከጉልበት ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጋቢ የደረበ ሁሉ ወደ ሻይ ቤት ይገባል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ አንዱ ግዙፍ ሌላውን ግዙፍ በአናቱ ሊተክለው ተሸክሞት ይዞራል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ወደ አፍ ይሄድ የነበረ ብርጭቆ መንገድ ላይ ይቀራል። ልክ ይህን ጊዜ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ወደ ጆሮህ ጠጋ ብሎ፣ "ውሸት እኮ ነው" ይልሃል።

እንዲህ ያለ ሰው ለየሻይ ቤቱ አንዳንድ የተመደበ ይመስለኛል። አንዱ ቢቀር ሌላ ይተካበታል። የእኛው ሻይ ቤት ተረኛ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጠላቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ ከዘራቸው የተወለወለ። ጋሼ ብለን እንለፋቸው። ጋሼ ለዜና አይመጡም፣ ለኳስም አይመጡም። ለሬስሊንግ ግን ቀድመው ገብተው፣ ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ ይዘው፣ ሻያቸውን አዝዘው፣ እስከ መጨረሻው ተከታትለው፣ ውሸት መሆኑን መስክረው ይወጣሉ።

ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። የሚያናድደው ልክ መሆናቸው ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማንሾካሾካቸው። ማንም ያልሰማውን የመንግሥት ምሥጢር ለእኔ ብቻ እንደሚያካፍሉ ሁሉ ግራና ቀኝ አይተው ነው የሚናገሩት። ያዋጁን በጆሮ ማለት ይኸው ነው።

አዋጁ ከወጣ ቆይቷል። ያስነገረውም ባለቤቱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሬስሊንጉን የሚያዘጋጀው የቪንስ ማክማን ድርጅት ለኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች፣ እኛ የምናሳየው መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አይደለም ሲል አስረዳ። ኅሊናው ቆርቁሮት እንዳይመስላችሁ። ስፖርት ከተባለ ተቆጣጣሪ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ጣጣ አለ፤ መዝናኛ ከተባለ ይህ ሁሉ ይቀራል። ስንት ዘመን ተሸፍኖ የኖረ ምሥጢር በንስሐ ሳይሆን በወጪ ቅነሳ ተገለጠ።

ታዲያ አዋጁ ተነገረና ተመልካች ቀረ? ማን ቀርቶ! ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ገበያው ጭራሽ ጦፈ። ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ተኮልኩለን ያደግን ሁሉ ምስክሮች ነን። ታጋዩ ጆን ሲና ያሸንፍ ዘንድ የተሳለ ልጅ አውቃለሁ፤ ሲና አሸነፈ፣ ልጁም ስለቱን አስገባ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የወሰነ ጸሐፊ አሜሪካ ውስጥ ጠረጴዛ ይዞ መቀመጡን ቢነግሩት ኖሮ ሻማውን ለጸሐፊው ያበራ ነበር።

ሙያው ያደገው በአሜሪካ ተዘዋዋሪ የትርኢት ድንኳኖች ውስጥ ነው። አንድ ጉልበተኛ ድንኳኑ መሐል ቆሞ፣ ከእኔ ጋር ታግሎ ይህን ያህል ደቂቃ የቆመ ይሸለማል ይላል። ከሕዝቡ መሐል አንድ የዋህ የሚመስል ጎረምሳ እጁን ያወጣል። ታግሎ ሊያሸንፍ ምንም አይቀረውም። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ልቡ ያብጥና ገንዘቡን ይመዛል። ጎረምሳው ግን ከጉልበተኛው ጋር በአንድ ጋሪ የመጣ፣ ማታም በአንድ ድስት የሚበላ ባልደረባው ነው። ከእንዲህ ያለ ድንኳን የወጣ ሙያ የራሱ ቋንቋ ባይኖረው ነበር የሚገርመው።

የምሥጢሩ ስም ኬይፌብ ነው። ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ባዕድ ሰው ብቅ ሲል አንዱ "ኬይፌብ!" ካለ ሁሉም አፉን ይዘጋል። ቅድም ሲቀላለዱ የነበሩት ባላጋራዎች ፊታቸውን አጥቁረው በየማዕዘናቸው ይቀመጣሉ። አስቀድሞ የተነጋገሩበት ነገር ወርክ ይባላል። ከተነጋገሩበት ወጥቶ እውነት የሆነው ሹት ነው። ክፉ ሆኖ የሚሰደበው ሂል፣ ደግ ሆኖ የሚጨበጨብለት ፌስ። ገንዘቡን ከፍሎ ያየውን ሁሉ የሚያምነው ተመልካች ደግሞ ማርክ ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ማርክም አለ፤ ለእሱም የንቀት ስም አውጥተውለታል። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ከሁሉ አንጀቴን የሚበላው ጆበር የሚሉት ነው። ጆበር ሥራው መሸነፍ ነው። ጠዋት ቤተሰቡን ተሰናብቶ ይወጣል፣ ማታ በስምምነት ተደብድቦ ሂሳቡን ተቀብሎ ይገባል። በእነሱ አነጋገር "ሥራውን ሠራ" ማለት ተሸነፈ ማለት ነው። እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የመቺው ጡንቻ የሚገዝፈው በተመቺው አወዳደቅ ነው። የማያውቅበት ሰው ሲወድቅ ጀግናውን ያዋርደዋል፣ የሚያውቅበት ሲወድቅ ግን ምንም ያልነበረውን ጀግና ያደርገዋል። አለቃ ቀልድ ሊጀምር ሲያሟሽ ቀድሞ የሚስቀውን የመሥሪያ ቤት ሰው አስቡት። እሱም ባለ ሙያ ነው፤ የእድገት ደብዳቤው ግን ሁልጊዜ ለሌላ ይጻፋል።

ምሥጢር መጠበቁ ደም እስኪያፈላ ነበር። በታኅሣሥ 1984 እ.ኤ.አ. ጆን ስቶሰል የሚባል የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፣ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ዴቪድ ሹልትዝ የተባለውን ታጋይ ይዞ፣ ይህ ነገር የውሸት ይመስለኛል አለው። ሹልትዝ ይህስ የውሸት ነው ወይ እያለ በአንድ ጆሮው፣ ቀጥሎም በሌላው አጮለው። ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ጋሼ እድለኛ ናቸው፤ ከኒው ዮርክ እስከ ኮን ሩቅ ነው፣ ከጋሸና ከተማ ወዲህ ደግሞ ብርዱ አያስመጣም።

የ1987ቱ ይበልጣል። ጂም ዳጋን የአሜሪካን ባንዲራ እያውለበለበ የሚገባ ፌስ ነበር። አይረን ሼክ ደግሞ ኢራንን እያሞገሰ አሜሪካን የሚሰድብ ሂል። ሁለቱ መድረክ ላይ ሲገናኙ አዳራሹ ሊፈርስ ይደርሳል፤ ተመልካቹ አገሩ የተነካ ያህል ይንጨረጨራል። አንድ ቀን ኒው ጀርሲ ላይ ፖሊስ አንድ መኪና አስቆመ። ሁለቱ ጠላቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ይዘው ተገኙ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። በሙያው ዘንድ ጉድ ያሰኘው ታዲያ ዕፁ ብቻ አልነበረም። ጠላትና ጠላት እንዴት በአንድ መኪና ይሄዳል? ሁለቱም ከሥራ ተሰናበቱ።

በግንቦት 1996 ደግሞ አራት ወዳጆች ነበሩ፤ ሁለቱ ድርጅቱን ሊለቁ የመጨረሻ ምሽታቸው ነው። ትግሉ አለቀ። ቅድም ሲፈነካከቱ የነበሩት ሂልና ፌስ መድረኩ መሐል ተቃቅፈው ተሰነባበቱ። በእኛ አገር ዓይን ይህ ወግ ያለው ነገር ነው፤ ሳይሰነባበት የሚሄድ ከብት ነው። እዚያ ግን ትልቅ ጥፋት ሆነ። ሁለቱ ሄደዋል፣ አንዱ የማይነካ ሻምፒዮን ነው፤ ቅጣቱ በቀረው በትሪፕል ኤች ላይ አረፈ። ለእሱ ታስቦ የነበረው የዚያ ዓመት ትልቅ ድል ለሌላው ታጋይ ለስቲቭ ኦስቲን ተሰጠ። ኦስቲንም በዚያው የዘመኑ ቁጥር አንድ ሰው ሆኖ ቀረ። በስንብት እቅፍ የታሪክ አቅጣጫ ሲቀየር እንዲህ ነው።

"ውሸት" የሚለው ቃል የማይገባበት ቦታም አለ። በሰኔ 1998 ሚክ ፎሊ የተባለው ታጋይ፣ ሬሳ ቀባሪ ነኝ በሚለው በአንደርቴከር እጅ ከ5 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የብረት ቤት ጣሪያ ላይ ወደ ታች ተወረወረ። ተነሥቶ ተመልሶ ወጣ። ጣሪያው ተደርምሶ ዳግመኛ ወደቀ፤ ጥርሱ ወለቀ። የመጀመሪያውን አወዳደቅ ተነጋግረውበታል። መሬቱ ግን ስምምነቱ ላይ አልፈረመም።

ጋሼ ይህንንም አይተው፣ "ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው" አሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። ኬይፌብን ከአሜሪካ የቀዳን የሚመስለው ካለ የላሊበሎችን ነገር ያልሰማ ነው። ዶሮ ጮኾ ሰማዩ ሳይገረጥ፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ከደጅ ቆመው የሚያዜሙትን ማለቴ ነው። ስማቸው ከከተማው ከላሊበላ ጋር አንድ ነው። በሸዋም በወሎም ይሰማሉ፣ አዲስ አበባም ድረስ ይዘልቃሉ። በሌሊት ወጥተው ካላዜሙና ካልለመኑ ቁምጥና ይወርደናል የሚል እምነት ከአባት ወደ ልጅ ወርዶላቸዋል። ከሰጠሃቸው ይመርቃሉ። ካልሰጠሃቸው ግጥሙ ይሾላል።

የሚገርመው የሚያውቁት ነገር ብዛት ነው። ብርድ ልብስህ ውስጥ እንደ ተጠቀለልክ ስምህን ይጠሩሃል። የሚስትህን ስም፣ የበኩር ልጅህን ስም፣ አልፎ ተርፎ በቅርብ የገዛኸውን በሬ ያነሣሡልሃል። "እንዴት አወቁ!" ብለህ ትነሣለህ፤ ከትራስህ ሥር ብር ትፈልጋለህ።

እንዴት እንዳወቁ ግን አንተም ታውቃለህ። ጎረቤትህ ነግሯቸዋል። ጎረቤትህ መናገሩን በምን አወቅህ? ባለፈው ጊዜ የጎረቤትህን ስም፣ የሚስቱንም የበቅሎውንም ጨምረህ፣ የነገርካቸው አንተ ነህ። እሱም በዚያ ሌሊት "እንዴት አወቁ!" ብሎ ሰጥቷቸዋል። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተገናኝታችሁ ስለ ላሊበሎቹ ስጦታ ተደንቃችሁ አውርታችኋል። ማርክ ማን ነው? ሁለታችሁም። ሠራተኛው ማን ነው? ሁለታችሁም። ድንኳኑ መንደሩን በሙሉ ያጠቃልላል።

አዝማሪዎች ደግሞ ቋንቋውን ጨርሰው አበጁት። ማሲንቆ የያዘው ሰው ፊትህ ቆሞ በአማርኛ እያሞገሰህ፣ ለጓደኛው በማይገባህ አነጋገር አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። ጓደኛው ፈገግ ይላል። ምን እንዳለው አታውቅም፤ ኪስህን የሚመለከት መሆኑን ግን ትጠረጥራለህ። ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ይህን የአዝማሪ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1952 ጽፈውበታል። ከዚያ ቀድመው በ1949 የነጋዴዎችን የምሥጢር ቋንቋ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ዛር የሰፈረባቸው ሰዎች የሚነጋገሩበትን አጥንተው አሳትመዋል። ልብ በሉ፤ ዛሩ እንኳ ባዕድ ሰው ሲገባ ኬይፌብ ይላል ማለት ነው። በ1964 ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቧቸው። ነጋዴው፣ አዝማሪውና ባለ ዛሩ በአንድ ጥራዝ ሲያድሩ ምን ተባብለው ይሆን?

ከዚያ በኋላ በ1983 ደምሴ ተሾመና ማርቪን ቤንደር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በአዲስ አበባ ብቻቸውን የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ወንድ እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበትን ዘዴ ጻፉ። አማርኛውን ይወስዱና ሌላ ቅርጽ ውስጥ ያስገቡታል። ቤት "ባይተት" ይሆናል። ግን "ጋይነን" ይሆናል። ክፉ ደግሞ "ካይፈፍ"። ኬይፌብና ካይፈፍ ዝምድና የላቸውም፤ ሰባት ቤት ቢቆጠር አይገናኙም። ቢሆንም አሜሪካዊው ታጋይና የአዲስ አበባዋ ቆንጆ በአንድ ሌሊት በአንድ ድምፅ "ሰው መጣ፣ ዝም!" ሲሉ በሐሳቤ እያየሁ ብዙ ስቄያለሁ። የሁለቱም ማርክ ያው ኪሱ ያበጠ ወንድ ነው።

ኮን የዋድላ ከተማ ናትና ስለ ምሥጢር ንግግር ተነሥቶ ቅኔ ሳይነሣ ቢቀር የአገሬ ሰው ይታዘበኛል። ቅኔ ሲጠራ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ይባላል፤ ስማችን ከፊት ነው። ወደ ቅኔ ቤት ድንገት የገባ እንግዳ ግን ወንጀለኞች መሐል የገባ ሊመስለው ይችላል። ተማሪው ብቻውን ጫካ ገብቶ ከጠዋት ጀምሮ "ይቆጥራል"። ምን እንደሚቆጥር አይታይም። የኔታ ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው "ይዘርፋሉ"። ማንን እንደ ዘረፉ ተበዳይ ቀርቦ አያውቅም። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ሲቆጥር የዋለውን ሲመሽ ለመምህሩ ይናገራል፤ መምህሩም ያርሙታል፣ አንዳንዴም በአንዲት ቃል አፈር ያስግጡታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ነው ይህን ሁሉ የሚሸከመው። የውሻው ትግል ሹት ነው፤ ማንም አይነጋገርበትም።

እኔን የሚመቸኝ ግን የበዓል ቀን ነው። ሊቁ በማኅሌቱ መሐል ቆመው ቅኔ ያፈስሳሉ። ግእዙ ይወርዳል። ሰሙ ሰም ነው፣ ወርቁ ከሥር ነው። ከቅኔ ቤት ያለፉት ሁለት ሦስት ሊቃውንት ወርቁ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ይላል። ከአዕማዱ አጠገብ የቆመው ባለ ጋቢ ግእዝ አንዲት አያውቅም። ዓይኑ ግን ከአንዱ ሊቅ ከንፈር አይነቀልም። ከንፈሩ ብልጭ ስትል እሱ "ይበል! ይበል!" ይላል፤ ያውም ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ። ሲወጣ ደግሞ፣ "ዛሬስ ቅኔው ወርቅ ነበር" ብሎ ለጎረቤቱ ይመሰክራል። ልክ ነው፤ ወርቅ ነበር። ምን እንደ ነበር ብቻ አትጠይቁት።

እንዲህ ያለው ሰው አይሳቅበትም። ቅኔው የተነገረው ለሦስት ሊቅ ቢሆንም፣ "ይበል" የሚል ሰው ከሌለ ሦስቱ ሊቃውንት ብርድ ላይ ቆመው ይተያያሉ።

አሁን ጋሼን ላምጣቸው። ጋሼ፣ እንዳልኩት፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አገሩ ውስጥ ልጅ ሊታጭ፣ ጋብቻ ሊመሠረት ሲሆን አስቀድሞ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ዘመዴ ልጅ ሽማግሌ ሲላክ፣ ከኋላ ተከትዬ እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ሥራዬ መሳለምና ዝም ማለት ነበር።

ልጅቱና ልጁ ተዋደዋል። እናቶቹ ቡና ተጠራርተው ነገሩን ጨርሰውታል። ቀኑ ራሱ ተቆርጧል፤ ድንኳን የሚከራይ ሰው ተነግሮታል። ዘሩም እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም፣ ያ ሹት ነው። ሌላው ሁሉ ተነጋግሮ ያለቀ ነው።

ደጃፉ ላይ ደረስን። አባትየው ብቅ አሉና በጣም ተገረሙ። ምን እግር ጣላችሁ አሉ፤ ክፉ ነገር ሰምታችሁ ነው ወይ ብለውም ደነገጡ። ከማለዳ ጀምሮ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ረግጠን ገባን። ብሉ ሲባል ጋሼ፣ "እግዜር ይስጥልን፣ መጀመሪያ የመጣንበትን" አሉ። ጠላ ሲቀዳ እጃቸውን ከብርጭቆው አፍ ላይ አደረጉ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ከአዳም ጀመሩ፤ በኖኅ በኩል አልፈው፣ ዛፍ ከቅርንጫፉ፣ ሰው ከዘመዱ እያሉ፣ "ልጅ ልንሆንዎ መጥተናል" የሚለው ላይ ደረሱ።

አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ልጅቱ ገና ናት አሉ። ትምህርቷም አላለቀም አሉ። ይህን ነገር ዛሬ ገና መስማታቸው ነው፤ ከዘመድ ሳይመክሩ፣ ከእናቷም ሳይነጋገሩ ምን ይበሉ? ይህን ሲናገሩ ከጓሮ በኩል የወይራ ጢስ በመስኮቱ ገባ። ጋን እየታጠነ ነው። የጌሾና የብቅሉ ሽታ ተደባልቆ ቤቱን ሞልቶታል፤ አንድ ሰው በማያውቀው ሠርግ ስንት ጋን ጠላ እንደሚጥል ጢሱ ይናገራል። በቅኔ ውስጠ ወይራ የሚሉት ይህን ይሆን?

ጋሼ አላሸተቱም። እንደዚያ ያለ አፍንጫ አይቼ አላውቅም። ፊታቸው ላይ ያለው ሐሳብ፣ ጭንቀት፣ ተማጽኖ እውነተኛ ነበር። "እንቢ ካሉን ከዚህ አንነሣም" አሉ፤ ድምፃቸው ሁሉ ሰለለ። አባትየውም ዓይናቸውን ጠረጉ። የሁለቱን አወዳደቅ ያየ ሰው ጆበር ማን እንደ ሆነ አይለይም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ያነሣዋል። በመጨረሻ "መክረን እንነግራችኋለንና ለእገሌ ቀን ተመለሱ" ተባለ። የተመለስንበት ቀን ድንኳን አከራዩ ቀብድ ከተቀበለበት በኋላ ነው።

እኔ አልቻልኩም። ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ አልኩና፣ "ጋሼ፣ ውሸት እኮ ነው" አልኩ።

እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። በከዘራቸው ጫፍ የጫማዬን አፍንጫ ጫን አሉና፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "ዝም በል አንተ! ወግ ነው" አሉኝ። ሹልትዝ በስቶሰል ላይ የተቆጣው ቁጣ ከዚህ አይበልጥም። ልዩነቱ ሹልትዝ በጥፊ፣ ጋሼ በከዘራ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት ስንገናኝ ጋሼ ለእኔ አያንሾካሹኩም፤ ሌላ ጆሮ አግኝተዋል። እኔም ስሰማቸው ያን ያህል አልናደድም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምታዘባቸው፤ የውጪዎቹን ትግል ውሸት ሲሉ የራሳቸውን ሜዳ ረስተው ነው። እንደ እኔ ፍርድ ጋሼ ከአንደርቴከር አያንሱም። አንደርቴከር ከ1990 እስከ 2020 ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገጸ ባሕርዩ ላለመውጣት ታግሏል ተብሎ ስሙ ይነሣል። ጋሼ ከዚያ ይበልጣሉ፤ ያውም ያለ ደሞዝ፣ ያለ ሙዚቃ።

ሽምግልናው ካለቀ በኋላ ደግሞ የሠርጉ ቀን አለ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደጃፍ ሲደርሱ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ይዘው አናስገባም ይላሉ። ዘፈኑ ይደምቃል፤ ክርን ከክርን፣ ትከሻ ከትከሻ ይያያዛል። ሙሽራው ሳይገባ ተመልሶ የሄደበት ሠርግ በታሪክ አልተሰማም፤ ሆኖም ከበሩ ግራና ቀኝ የቆመው ሰው በሙሉ ይገባ ይሆን ወይ እያለ ነው የሚያየው። ሚዜ ሽቶ ይረጫል። ሴቶቹ ሽቶውን ተቀብለው በሩን አይለቁም። ሁለተኛ ይረጫል። አንዷ ጠንካራ ታዲያ ሁልጊዜ አትጠፋም፤ መገፋቱ እውነት ይመስላትና በእውነት ትገፋለች። ባለፈው አንዱ ሚዜ እንዲህ ባለችው እጅ ወድቆ እጅጌው ከትከሻው ተተረተረ። ወርኩ ሹት ሆነ ማለት ነው። ሴቶቹ ግን ያን ያህል አልደነገጡም፤ እልልታው እንደውም ጨመረ።

በመጪው ጥር ሚዜ ሆናችሁ ለምትሄዱ ወጣቶች እንግዲህ አንድ ነገር ልበል። በሩ ሲያዝባችሁ ግፉ፤ ካልገፋችሁ ይቀየሟችኋል። ሁለት ጊዜ ተመለሱና በሦስተኛው ግቡ። ሽቶውን አትሰስቱ። የእጅጌውን ነገር ግን አደራ፤ ሱፉ የኪራይ ነው።